የዋሻ ፍጥረቶቻችን ካርታ ይነሣላቸው

ካርታ አንድ ሕዝብ አገሩን ምን ያህል እንደሚያውቅ የሚመሰክር ጽሑፍ ነው። ወንዙና ተራራው፣ ከተማውና መንገዱ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ አገሪቱ ታወቀች እንላለን። ነገር ግን በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ካርታዎች ሁሉ የሚያሳዩን የምድርን ፊት ብቻ ነው። ከምድር በታች ባለው ጨለማ ውስጥ ምን እንደሚኖር፣ የትኛው ፍጥረት በየትኛው ዋሻ እንደሚገኝና በየትኛው እንደማይገኝ የሚነግረን ግን ከመካከላቸው አንድም የለም።

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ለማቅረብ የምፈልገው አሳብ አንድ ነው፤ እርሱም በአገራችን የኖራ ድንጋይ ባለበት ሁሉ የሚገኙት ዋሻዎች ነዋሪዎቻቸው እየተመዘገቡ ካርታ ይነሣላቸው የሚል ነው። ይህም መሆን የሚገባው ድንጋዩ ከመፈለጡ በፊት እንጂ ከተፈለጠ በኋላ አይደለም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

«ሜክሲኮ አደባባይ ተቀምጦ ስለ ዋሻ ማውራት ምን ይረባል?» የሚለኝ ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ አዲስ አበባ የተሠራችው ከእሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይ ላይ ስለሆነ ከእግራችን በታች የኖራ ድንጋይ ዋሻ የለም። ሆኖም የኖራ ድንጋይ ከእግራችን በታች ባይኖር ከራሳችን በላይ አለ። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡሩ በአደባባያችን ላይ የሚያልፍበት ድልድይ፣ በዙሪያችንም የሚነሡት ረጃጅም ሕንጻዎች የቆሙት በሲሚንቶ ነው፤ ሲሚንቶም የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ነገሩ እኛን የማይመለከት አይደለም።

አሁን ዋሻው እንዴት እንደሚፈጠር በአጭሩ ልናገር። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ስለሚቀበል ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል። ይህ ውኃ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲሰርግ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ስንጥቁ ቧንቧ፣ ቧንቧውም አዳራሽ ይሆናል። በእንዲህ ያለው አገር ወንዝ በድንገት መሬት ውስጥ ገብቶ ይሰወርና ራቅ ካለ ቦታ ብቅ ይላል። ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን መሬት «ካርስት» ይሉታል፤ ስሙም የመጣው በስሎቬንያና በኢጣልያ ወሰን ካለ ክራስ ከተባለ አምባ ነው።

በእኛ አገር የኖራ ድንጋዩ የተነጠፈው ከ145 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ብዙው የአገራችን ክፍል በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ በትግራይ በመቀሌ ዙሪያ፣ በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆ፣ በሐረርጌና በድሬዳዋ እንዲሁም በባሌ ይገኛል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ንብብሩን በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ከዋሻዎቹም ሁሉ ስሙ የታወቀው በባሌ በወይብ ወንዝ ላይ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። ርዝመቱ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በአገራችን ረጅሙ ነው። ወንዙ ከአንድ በኩል ገብቶ ግዙፍ ዓምዶች ባሉበት አዳራሽ አልፎ በሌላ በኩል ይወጣል። ሼክ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር ተጠልለውበታል ተብሎ ስለሚታመን የተከበረ የጸሎት ሥፍራ ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለው ጨለማ ውስጥ ማን ይኖራል? ነዋሪዎቹን በሦስት ልንከፍላቸው እንችላለን። የመጀመሪያዎቹ እንደ ሌሊት ወፍ ያሉት፣ በዋሻ አድረው ምግባቸውን ከውጭ የሚያመጡት ናቸው። ሁለተኛዎቹ በዋሻም ከዋሻ ውጭ በጥላና በእርጥበት ቦታም መኖር የሚችሉት ናቸው። ሦስተኛዎቹ ከዋሻና ከከርሰ ምድር ውኃ ውጭ በየትም መኖር የማይችሉት ናቸው። በጨለማ ዓይን ምን ይረባል? ስለዚህ በብዙ ትውልድ ውስጥ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ቀለማቸው ነጥቷል፤ በምትኩ መዳሰሻቸው ረዝሟል። በዋሻ ውስጥ ፀሐይ ስለሌለ ሣርና ቅጠል አይበቅልም፤ ምግባቸው ጎርፍ የሚያስገባው ጉድፍና የሌሊት ወፍ ኩስ ነው። ምግቡ ጥቂት ስለሆነ ቍጥራቸው ጥቂት ነው፤ የሚወልዱትም ዘግይተው ነው። በአውሮፓ ዋሻዎች የሚኖረው ዕውሩ ፕሮቴዎስ የሚባለው ፍጥረት እንቍላል የሚጥለው በአማካይ በ12 ዓመት ተኩል አንድ ጊዜ መሆኑን ያጠኑት ሰዎች ጽፈዋል።

ካርታቸው ከአንበሳና ከአጋዘን ካርታ የሚለየውም በዚህ ምክንያት ነው። አንበሳ ከአንዱ ጫካ ቢባረር ወደ ሌላው ይሄዳል። የዋሻ ፍጥረት ግን ወዴት ይሄዳል? ለብዙዎቹ አንድ ዋሻ ወይም አንድ የከርሰ ምድር ውኃ መላው ዓለማቸው ነው። ያ ቦታ ሲጠፋ ዘሩ ይጠፋል።

የዚህን ካርታ ጥቅም ለማስረዳት ከአደባባያችን ስም የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አደባባያችን ሜክሲኮ የተባለው ሜክሲኮ ኢጣልያ አገራችንን በግፍ በያዘች ጊዜ ወረራውን ባለመቀበሏ ለምስጋና ነው። በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ። ይህችው ወዳጃችን በዕውር የዋሻ ዓሣ ጥናት በዓለም የታወቀች ናት። ዓሣው እ.ኤ.አ. በ1936፣ ማለት በዚያው በወረራው ዘመን፣ ላ ቺካ ከተባለ ዋሻ ተወስዶ በሳይንስ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ የመጡት አጥኚዎች በዚያ አልቆሙም፤ ከዋሻ ወደ ዋሻ እየገቡ ዓሣው የሚገኝባቸውን 30 ያህል ዋሻዎች በካርታ ላይ አሰፈሩ።

ትርፉስ ምን ሆነ? እያንዳንዱ ዓሣ ከየትኛው ዋሻ እንደ መጣ ስለታወቀ፣ ከተለያዩ ዋሻዎች የመጡትን ዕውሮች ማዳቀል ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት እንደ ተገለጸው ወላጆቻቸው ሁለቱም ዕውሮች ሆነው ሳለ ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ የሚያዩ ሆነው ተገኙ! ምክንያቱም የአንዱ ዋሻ ዓሣ ዓይኑን ያጣው በአንድ መንገድ፣ የሌላው ደግሞ በሌላ መንገድ ስለሆነ አንዱ የጎደለውን ሌላው ሞላለት። በዚህም ዕውርነት በየዋሻው ለየብቻ እንደ መጣ ታወቀ። ዓሦቹ «ከሜክሲኮ የመጡ» ተብለው በአንድ ዕቃ ተቀላቅለው ቢሆን ኖሮ ይህ ዕውቀት ባልተገኘ ነበር። ካርታው ራሱ ዕውቀት ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ሥራው ጨርሶ አልተጀመረም ብል የቀደሙትን ሰዎች ድካም መካድ ይሆንብኛል። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 ሶፍ ዑመርን አይቶ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ ዋሻ አጥኚዎች መጥተው ዋሻውን ለክተዋል። በሚቀጥለው ዓመት ካትሊን፣ ላርገን፣ ሞኖና ሞርተን የተባሉ አራት ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ ዋሻዎች አንድ ጽሑፍ አሳትመዋል። ከአገራችን ዋሻ የተገኘ፣ ከሸርጣን ወገን የሆነ አንድ ትንሽ የውኃ ፍጥረትም እ.ኤ.አ. በ1972 «ስኮቶቤና ሞርቶኒ» ተብሎ ተሰይሟል፤ ስሙም ያንኑ ሞርተንን ያስታውሳል።

የዚህ ፍጥረት ታሪክ ትንሽ ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባ ነው። የቅርብ ዘመዱ የሆነው «ስኮቶቤና ሞኖዲ» እ.ኤ.አ. በ1978 የተመዘገበው ከሶማሊያ ነው። በሶማሊያም ከምድር በታች የሚኖሩ፣ ዓይናቸው የጠፋ ወይም የመነመነ ሦስት ዓይነት ዓሦች እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1926 ባሉት ዓመታት ተመዝግበዋል። ከእነርሱ አንዱ ፍሬያቲክቲስ የተባለው ቀንና ሌሊት ስለማያውቅ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ሰዓት በ24 ሰዓት ሳይሆን በ47 ሰዓት ያህል እንደሚዞር እ.ኤ.አ. በ2011 ታውቋል፤ ሰዓቱንም የሚሞላለት ብርሃን ሳይሆን የምግብ ጊዜ ነው። ሶማሊያን የሚያጠጡት ዋቢ ሸበሌና ገናሌ የሚነሡት ከእኛ ደጋ ነው። አንድ ዘር በወሰን ወዲህና ወዲያ ከተገኘ፣ በመካከል ባለው የኖራ ድንጋይ ምድር ውስጥስ ማን ይኖራል? የስኮቶቤና ወገኖች አብዛኞቹ በባሕር የሚኖሩ መሆናቸውን ስናስብ ደግሞ አባቶቹ በጥንቱ ባሕር ዘመን ከነበሩት እንደ ሆኑ እንገምታለን። ባሕሩ ሄደ፤ እነርሱ ቀሩ። አንድ ጣት የማይሞላ ፍጥረት የአገራችን የባሕር ዘመን ቅርስ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ከሁሉ አብልጬ ላስገነዝብ የምፈልገው ነገር አለ። በካርታ ላይ ባዶ የሆነ ቦታ ሁሉ በእውነት ባዶ አይደለም። አንድ ሰው በሶፍ ዑመር ፍጥረት አግኝቶ ነጥብ ቢያደርግ፣ በዓባይ ሸለቆ ግን ነጥብ ባይኖር፣ «በዓባይ ሸለቆ ምንም የለም» ማለት አይገባም። ምናልባት የፈለገ የለ ይሆናል። በየትም አገር ቢሆን ነጥቦቹ የሚበዙት መንገድ ባለበትና አጥኚ በደረሰበት ነው። ስለዚህ እውነተኛ ካርታ ሦስት ምልክት ያስፈልገዋል እላለሁ፤ አንዱ ተፈልጎ ለተገኘበት፣ ሁለተኛው ተፈልጎ ላልተገኘበት፣ ሦስተኛው ገና ላልተፈለገበት ነው። «የለም» እና «አልታየም» በቋንቋችንም ሁለት ቃላት ናቸው፤ በካርታም ሁለት ምልክት ሊኖራቸው ይገባል።

ለምን እንቸኵላለን? ያልን እንደ ሆነ ድንጋዩ ስለሚፈለግ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በድሬዳዋ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። የሙገሩ እ.ኤ.አ. በ1984 ማምረት ጀመረ፤ በመቀሌ አጠገብ መሰቦ አለ፤ በሰሜን ሸዋ የለሚው ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሁሉም የተተከሉት የኖራ ድንጋይ ባለበት አገር ነው። እነዚህ ፋብሪካዎች ጥፋት ሠርተዋል ማለቴ አይደለም። የምለው የምንፈልጠው ድንጋይና የዋሻ ፍጥረት ቤት አንድ ዓይነት ድንጋይ ስለሆነ ቀድመን እንወቅ ነው። በማሌዢያ ቡኪት ፓንቺንግ በተባለ በአንድ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ላይ ብቻ የሚኖር አንድ ትንሽ ቀንድ አውጣ ነበረ። ኮረብታው ተፈልጦ ሲያልቅ ቀንድ አውጣውም አብሮ አለቀ። ከዚያ በኋላ ማዘን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» መሆን ነው።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ሁለት ነገር እንደሚያነሡ አውቃለሁ። አንደኛው «ሰው ቤት ሳይኖረው ስለ ቀንድ አውጣና ስለ ትል ካርታ ማሰብ የጠገበ ሰው ሥራ ነው» የሚለው ነው። ቤት ለሰው ማስፈለጉን ማን ይክዳል? እኔም በሲሚንቶ በተሠራ ክፍል ተቀምጬ እማራለሁ። ነገር ግን ካርታው ሥራ አይከለክልም፤ የትኛው ኮረብታ ይቅደም፣ የትኛውስ ይቆይ የሚለውን ይመራል እንጂ። ደግሞም የዋሻው ፍጥረት ነገር የውኃ ነገር ነው። በካርስት አገር ውኃ በአሸዋ እንደሚጣራ ውኃ አይደለም፤ በቧንቧ እንደሚሄድ ፈጥኖ ስለሚያልፍ በአንድ በኩል የተጣለው ቆሻሻ በሌላ በኩል ከምንጭ ይወጣል። ድሬዳዋን የመሰለ ትልቅ ከተማ የሚጠጣው ከከርሰ ምድር የወጣ ውኃ ነው። የውኃውን መንገድ ሳናውቅ ከላይ ብንቈፍር የምንጎዳው ትሉን ብቻ አይደለም፤ በሚጠጣበት ምንጭ ላይ እንስራዋን የምትሞላውን እናት ጭምር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሌሊት ወፍን ስለ መፍራት ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርቡርግ በሽታ በተገኘ ጊዜ ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር። የዚህ በሽታ ተሸካሚ በዋሻ የሚያድረው የግብፅ ፍራፍሬ በሊታ የሌሊት ወፍ መሆኑ በኡጋንዳ በተደረገ ጥናት ታውቋል፤ ወፉም በአገራችን ይገኛል። ታዲያ ዋሻውን ሁሉ ደፍኖ ወፉን መፍጀት ይሻላልን? በኡጋንዳ ኪታካ በተባለ የማዕድን ጉድጓድ ይኸው ተሞከረ። የሌሊት ወፎቹ ተጨፈጨፉ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሰው በገቡት መካከል ግን በሽታውን የያዙት በመጠን ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2012ም በሽታው በዚያው አቅራቢያ ባሉ ሰዎች ላይ እንደገና ተነሣ። መድኃኒቱ እንግዲህ ጭፍጨፋ አይደለም። የትኛው ወፍ በየትኛው ዋሻ እንደሚያድር በካርታ ማወቅ፣ ሰውንም ከዚያ ዋሻ ማራቅ ነው። ከቀሩት ዓይነቶች አብዛኞቹ ነፍሳትን እየበሉ ገበሬውን የሚረዱ ናቸውና ባልሠሩት ወንጀል ሊቀጡ አይገባም።

ሥራው እንዴት ይሠራ? ዘዴው አለ። ዋሻው በኮምፓስና በመለኪያ ገመድ፣ ዛሬም በሌዘር ይለካል። ሙቀቱና እርጥበቱ ይመዘገባል። የሌሊት ወፎችን ሳይነኩ ድምፃቸውን ብቻ በመሣሪያ ቀድቶ ብዙዎቹን በዓይነታቸው መለየት ይቻላል። ውኃው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ጉዳት የሌለው ቀለም ተጨምሮበት በየምንጩ ይጠበቃል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ፍጥረቱን ሳያዩ ከምንጭ ውኃ ቀድቶ በውስጡ የቀረውን የዘር ምልክት መመርመር ነው፤ ፕሮቴዎስን ሰው ሊገባባቸው በማይችል ጉድጓዶች እንኳ በዚህ መንገድ እንዳገኙት እ.ኤ.አ. በ2017 ተጽፏል።

ሆኖም ከመሣሪያው በፊት የአገሩ ሰው ይጠየቅ። ዋሻው የት እንዳለ፣ ወንዙ የት እንደሚሰወር፣ የሌሊት ወፍ በየትኛው ወር እንደሚበዛ ከእረኛና ከሽማግሌ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በዋሻ ውስጥ መቃብር፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ካለ የሥፍራው ክብር ይጠበቅ። ለቀበኛና ለነጋዴ መንገድ እንዳይሆንም ጥቂት ብቻ የቀሩት ፍጥረቶች ያሉበት ትክክለኛ ቦታ በግልጥ ካርታ ላይ አይታተም።

ሕጉም ቢሆን መንገድ ከፍቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 299 ታላላቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት እንዲመዘን ደንግጓል። ታዲያ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ሲመዘን ከላይ ያለው ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከታች ያለው ዋሻና ውኃም ይመዘን ነው የምለው። የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትና በአራት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየም ይህን ሥራ ቢይዙት በተገቢው እጅ ይሆናል።

እኛስ? በክፍላችን ውስጥ ወላጆቻቸው ከባሌ፣ ከሐረርጌ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይና ከሸዋ የመጡ ልጆች አሉ። በክረምት ወደ ዘመድ የሚሄድ ሁሉ አንድ ወረቀት ይዞ ይሂድ፤ በወረቀቱም የዋሻውን ስም፣ የቀበሌውን ስም፣ ወንዝ የሚገባበት መሆን አለመሆኑን፣ የሌሊት ወፍ መኖር አለመኖሩን ሽማግሌ ጠይቆ ይጻፍ። ወደ ዋሻው ግን ማንም አይግባ፤ ጎርፍም በሽታም አለና መግባት የተማሩት ሰዎች ሥራ ነው። ከምንሰበስበው ስም አሥሩ እንኳ አዲስ ቢሆን ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔት መልካም ገጽ ይወጣዋል፤ ለተመራማሪም መነሻ ይሆነዋል።

መምህሮቻችን ሆይ፣ ካርታ ስታስተምሩን ሦስቱን ምልክት አስተምሩን። ወላጆቻችን ሆይ፣ ከመካከላችሁ መሐንዲስ፣ የድንጋይና የሲሚንቶ ነጋዴ፣ በመንግሥት ቤት የምትሠሩ አላችሁ፤ ኮረብታ ሊፈለጥ ሲታቀድ «ከሥሩ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁልን። የተማሪ ጓደኞቼ፣ እናንተ ደግሞ «አልታየም» የተባለውን ሁሉ «የለም» ብላችሁ አትለፉት። ከእኛ መካከል አንዱ ወይም አንዷ ካርታውን ይዘው የሚወርዱበት ቀን እስኪደርስ ኮረብታዎቹ ቆመው እንዲጠብቁን አሁን እንናገርላቸው።